ከማስተማሪያ ክፍል ወደ ማሽላ ማሳ፦ የተሰደደው ወጣት መምህር መንገዱ የት ላይ ተዘጋ?

በኡም ራኩባ፣ በቱናይድባ፣ በባቢክሪና በሌሎች የገዳሪፍ ካምፖች ያላችሁ፣ እንዲሁም ከካምፕ ወጥታችሁ በዶካና በገዳሪፍ ከተማ ኑሮን የምትገፉ ወገኖች፣ ዛሬ የምናነሳው ስለ ራሽን ወይም ስለ ምዝገባ አይደለም። በመካከላችን ስላሉ፣ ግን ብዙም ስለማይወራላቸው ሰዎች ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ጀምረው፣ ገና ሥራቸው ሥር ሳይሰድ ስለተሰደዱ ወጣት መምህራንና ተመራማሪዎች ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶካ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በክረምት ጎህ ሲቀድ የቀን ሠራተኛ የሚጭኑ ትራክተሮች ይመጣሉ፤ ሰው ይንጠላጠላል፤ ወደ እርሻ ይሄዳል። ከሚንጠላጠሉት አንዱን አውቀዋለሁ። ስሙንም ያስተማረበትን ዩኒቨርሲቲም አልጽፍም፤ አገር ቤት ቤተሰብ አለው። በዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት በሌክቸረርነት አስተምሯል። አሁን በሰው ማሽላ ማሳ ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል። ባለፈው ክረምት «ጋሼ፣ አቀንጭራን ለተማሪዎቼ በስላይድ ነበር የማሳያቸው። አሁን ቀኑን ሙሉ በእጄ ስነቅለው ነው የምውለው» አለኝና ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የቀን ሥራ ነውር ነው ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚሁ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ልጅ የጠፋበት ምንድን ነው? ዲግሪው አልጠፋም። ዕውቀቱም ገና ከጭንቅላቱ አልወጣም። ታዲያ ምን ተቋረጠ?

የሚንቀሳቀሰውና የማይንቀሳቀሰው

በዩኒቨርሲቲ ዓለም ወጣት ምሁር የሚያድገው በመንቀሳቀስ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አንዱ አገር፣ ለዶክትሬት ወደ ሌላው፣ ለኮንፈረንስ ሁለት ሳምንት፣ ለምርምር ስድስት ወር። በየሄደበት ሰው ያውቃል፤ ሰውም እሱን ያውቀዋል። በኋላ አንድ ቦታ ሲከፈት፣ አንድ የምርምር ገንዘብ ሲገኝ፣ «እንትናን ጠይቁት» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሙያ ትስስር የሚባለው ይኸው ነው። አገርኛው አባባል «ሰው አለው» ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሰው የሚገኘው በዝምድና ሳይሆን አብሮ በመሥራት መሆኑ ነው።

በአገራችንም ይህ መስመር ነበረ። የጅማ፣ የመቀሌ፣ የባሕር ዳርና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ወዳጅነት አላቸው። ብዙ ወጣት መምህር በእነዚህ በሮች ወጥቶ ተምሯል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2020 መጨረሻ የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋረጠ። በ2021 ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲሻገር የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ገባ። በየዙሩ ከሸሹት መካከል መምህራን ነበሩ። አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ወደ ናይሮቢና ካምፓላ፣ አንዳንዱም በመተማና በሐምዳይት በኩል ወደ ሱዳን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለባበጠው። ዓለም ለወጣት ምሁር «ካልተንቀሳቀስክ አታድግም» ይለዋል። ድንበር ተሻግሮ ስደተኛ የሆነውን ያንኑ ወጣት ግን «ካለህበት አትነቃነቅ» ይለዋል። ሳይፈልግ ተንቀሳቀሰ፤ ሲፈልግ ደግሞ መንቀሳቀስ ተከለከለ።

ከዚሁ አፈር የወጣ አንድ ታሪክ

በዚህ ምድር ላይ ነገሩ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። አብዛኛው ሰው የማያውቀውን አንድ ታሪክ ላንሳ።

ገቢሳ ኤጄታ በ1950 ወሎንኮሚ በምትባል የኦሮሚያ መንደር፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ተወለደ። ለትምህርት በየሳምንቱ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄድ ነበር። በ1973 ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ጆን አክስቴል የተባለ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የማሽላ ዝርያ ለመሰብሰብ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። የኮሌጅ መምህሩ ገቢሳን ከእሱ ጋር አስተዋወቀው። ወጣቱ አብሮ ዞሮ ዝርያ ሰበሰበ። ፕሮፌሰሩ ሥራውን አየና «እኔ ጋ መጥተህ ተማር» አለው። በ1978 ዶክትሬቱን ጨረሰ።

አገር ቤት መመለስ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን አብዮቱ ፈንድቶ፣ ጊዜው ከፍቶ ነበር። ታዲያ የት ሄደ? ወደ ሱዳን! በ1979 ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ተቀጥሮ ከሱዳን ተመራማሪዎች ጋር መሥራት ጀመረ። በ1983 «ሐጂን ዱራ 1» የተባለው ማሽላ ለገበሬ ተለቀቀ። ሐጂን በዓረብኛ ድቅል ማለት ነው። ድርቅን የሚቋቋም፣ ምርቱ ከአገሬው ዝርያ በብዙ የሚበልጥ፣ ለአፍሪካ ገበሬ ከቀረቡት ድቅል ማሽላዎች የመጀመሪያው ነበር። እስከ 1999 ድረስ በሱዳን 1 ሚሊዮን ኤከር ያህል ተዘርቶ ታጭዷል።

ከዚያ በኋላ ፐርዱ ገብቶ ወደ አቀንጭራ ዞረ። ሱዳኖች አቀንጭራን «ቡዳ» ነው የሚሏት፤ የእኛን ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ስሟ በደንብ ይገባዋል። ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ደሙን የምትመጥ አረም ናት። ገቢሳና ባልደረባው ላሪ በትለር አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ በ1994 የዚያ ዘር 8 ቶን ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በ2009 ፕሮፌሰር ገቢሳ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ።

እንግዲህ አስቡት። ዶካ ላይ አቀንጭራ የሚነቅለው ወጣት የተማረው ይህንኑ ሙያ ነው። ያለውም እዚሁ አገር ነው፤ ማሽላው ያው ነው፤ አረሙም ያው ነው። ሁለቱም አገራቸው ስትታመስ ሱዳን ላይ የተገኙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዱ ዝርያ አወጣ፤ ሌላው በቀን ሂሳብ ያርማል። ልዩነቱን «ዕድል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀረብ ብለን ብናይ ግን ሦስት ነገር እናገኛለን፦ ወረቀት፣ መንገድ፣ ሰው።

ወረቀት

ገቢሳ ሱዳን የገባው ዲግሪውን ይዞ ነው። እኛስ? ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የወጪ መጋራቱ ዕዳ ካልተዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪ አይሰጥም፤ በእጅ ያለው ቴምፖራሪ ነው። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ደግሞ ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ እንዲላክ ነው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት። ተሰዶ ካምፕ ያለ ሰው ማንን ልኮ ያስወጣ? አንዳንዱም ስሙን በዚያ ቢሮ ማስጠራቱን ራሱ ይፈራል።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ስም። በአማርኛ ፀጋዬ አንድ ነው፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ግን ዲግሪው ላይ በ«ቲ»፣ የስደተኛ ምዝገባው ላይ በ«ኤስ» ይጀምራል። የልደት ቀን ደግሞ አንዱ ቦታ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ቦታ በፈረንጅ ተሞልቶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ማመልከቻውን የሚያነብ ሰው ሁለት የተለያየ ሰው ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተሞክሯል። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 አገሮች የውጭ የትምህርት ማስረጃን ዕውቅና በሚመለከት ስደተኛን ቢያንስ እንደ ሌላው የውጭ ዜጋ እንዲያዩ ያስገድዳል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2017 ለስደተኞች የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት የተባለውን ሰነድ ጀመረ፤ ዩኔስኮም በ2019 የራሱን አስከተለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ያለህን ማስረጃ ታቀርባለህ፤ ባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ ያደርጉልሃል፤ «ይህ ሰው ይህን ተምሯል ብሎ ማመን ይቻላል» የሚል ሰነድ ይሰጥሃል። ዲግሪ አይደለም፤ ቪዛም አይደለም። የሚሠራውም ተቋማቱ በተቀበሉት አገር ብቻ ነው። ሆኖም ሙሉ ወረቀት የሌለውን ሰው ከዜሮ አያስጀምረውም። በ2023 መጋቢት በሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ማስረጃቸው ያልተሟላ ስደተኞችን የሚመለከት አንቀጽ ይዟል።

መንገድ

ሁለተኛው መንገድ ነው። ሱዳን የ1951ን ስምምነት ስትቀበል አንቀጽ 26ን፣ ማለትም ስደተኛ በአገሩ ውስጥ በነፃ የመንቀሳቀስ መብቱን፣ አልቀበልም ብላ ነው የፈረመችው። ከካምፕ ለመውጣት ከኮር ፈቃድ የምንጠይቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ለቃለ መጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ቢያስፈልግ ከፈቃዱ ይጀመራል። ቢያልፍም ፓስፖርት የለም። አንቀጽ 28 ላይ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚባል ነገር አለ፤ በካምፕ ያለ ሰው እጅ ላይ ግን ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ አስተናጋጃችን ራሱ በጦርነት ውስጥ ነው። ካርቱም ላይ ይሠሩ የነበሩ ኤምባሲዎች ተዘጉ። በ2024 የካቲት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ፤ ብዙ ሰው ስታርሊንክ ባለው ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ በሰዓት እየከፈለ መልእክት መላክ ጀመረ። የማመልከቻ ቀነ ገደብ ግን ኔትወርክ ጠፋ ብሎ አይጠብቅም።

የተከፈቱት በሮችም የሚጀምሩት ከዚህ አይደለም። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2019 ጀምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ስደተኞችን የሚወስዱበት ዩኒኮር የተባለ መስመር አላቸው። የተጀመረው በኢትዮጵያ ካሉ ስደተኞች ነው፤ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። ካናዳ ከ1978 ጀምሮ ተማሪዎች ስደተኛ ተማሪን ስፖንሰር የሚያደርጉበት ፕሮግራም አላት፤ ኬንያና ማላዊን ከመሳሰሉ አገሮች ነው የምትወስደው። ገዳሪፍ የለችበትም። ውጤቱን ታዩታላችሁ። የተማረው ወጣት «ካምፓላ ብሄድ፣ ካይሮ ብሄድ» ይላል። ደላላውም ሰምቶ ይመጣል። በሊቢያ በኩል የወጡት ስንቱ እንደደረሱ፣ ስንቱ እንደቀሩ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በሕጋዊ መንገድ መንቀሳቀስ ሲዘጋ እንቅስቃሴ አይቆምም፤ በበረሃ ይሆናል።

ሰው

ሦስተኛው ሰው ነው። ከሁሉ የሚከብደውም፣ ተስፋ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገቢሳን አሜሪካ ያደረሰው ማስታወቂያ አይቶ ያስገባው ማመልከቻ አልነበረም። አንድ መምህር ለአንድ እንግዳ «ይህን ልጅ ውሰደው፣ ጎበዝ ነው» ማለቱ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የግዕዝ ሊቅ ነበሩ። በ1975 ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በተኮሱት ጥይት ተመቱና ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሚኒሶታ ውስጥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው የሚቀመጡበት ቤተ መጻሕፍት ነበረ፤ ሥራው አደጋው ከመድረሱ በፊት በሁለቱ አገሮች ትብብር የተጀመረ ነው። እሳቸው እዚያ ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ካታሎግ ሠሩ። በ1988 ማክአርተር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት አገኙ። በ2021 አረፉ። ሰው አገሩን ሲያጣ የያዘው ከዚያ በፊት የተሠራ የሙያ ድልድይ ነበር።

የእኛ ወጣት መምህራን ችግር ድልድዩ ግማሽ ላይ እያለ መሰደዳቸው ነው። አማካሪያቸውን ያውቃሉ፤ አማካሪው ግን እሱም ተሰዷል፣ ወይ ስልኩን ቀይሯል። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ተዘግቷል። አንድ የምርምር ጽሑፍ ጀምረው ነበር፤ ላፕቶፑ ድንበር ላይ ቀርቷል። ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ደግሞ እንደገና «ሰላም» ለማለት ያፍራል። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት? በቀን ሥራ ላይ ነኝ ልበለው?» ያለኝ አለ። አዎ፣ እንደዚያው በለው።

በመካከል የወደቁት

ለተሰደዱ ምሁራን የሚሆን እርዳታ ዓለም ላይ የለም ማለት አይደለም። አለ። ችግሩ እርዳታው ሁለት ጫፍ ላይ መቆሙ ነው።

በአንዱ ጫፍ ዳፊ አለ። በስደተኛው ሳይንቲስት በአልበርት አይንስታይን ስም የተሰየመ፣ በጀርመን ገንዘብ በ1992 የተጀመረ፣ በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። ዓላማው በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በ2019 ከመቶ ስደተኛ ወጣት ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን 9 በመቶ ደርሷል፤ በ2030 15 በመቶ እንዲሆን ታቅዷል። የዓለም አማካይ ከ40 በመቶ በላይ መሆኑን ሳንረሳ፣ ይህ ለውጥ ነው።

በሌላው ጫፍ ለተሰደዱ ምሁራን የቆሙ ድርጅቶች አሉ። የእንግሊዙ ካራ ከ1933 ጀምሮ አለ። በአሜሪካ በ1999 ስኮላርስ አት ሪስክ፣ በ2002 የምሁራን ማዳኛ ፈንድ ተቋቋሙ። በጀርመን በ2015 ፊሊፕ ሽዋርትዝ ኢኒሼቲቭ፣ በፈረንሳይ በ2017 ፖዝ ተከተሉ። እነዚህ በአብዛኛው የሚያዩት ዶክትሬት ያለውን፣ ያሳተመውን፣ በስም የሚታወቀውን ነው። አያስደንቅም፤ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አይቶ ነው የሚወስደው።

የእኛስ ወጣት? የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ ስለዚህ ዳፊ ለእሱ አልተሠራም። ዶክትሬት የለውም፤ ስለዚህ ለማዳኛ ፈንድ «ገና ነህ» ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንግሥት ራሱ ያቀደው ከመቶው ሰባውን በሁለተኛ ዲግሪ፣ ሠላሳውን በዶክትሬት ለማድረግ ነበር። ስለዚህ ከኢትዮጵያ መምህር ሲሰደድ በብዛት የሚሰደደው በትክክል በመሃል የሚወድቀው ነው። ለተማሪነት አለፈ፤ ለምሁርነት አልደረሰም። የእርዳታ ድርጅቶች ይህን ክፍተት ማየት አለባቸው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ባለቤቶች የዶክትሬት ቦታ በገዳሪፍ ላለ ሰው ጭምር የሚከፈት መሆን አለበት። ይህን በየስብሰባው፣ በየቃለ መጠይቁ ደጋግመን መናገር የእኛ ፋንታ ነው።

በ1933 አንድ ስደተኛ ያደረገው

ቅድም ስሙን የጠራሁት ፊሊፕ ሽዋርትዝ ማን ነበር? በፍራንክፈርት የሚያስተምር የፓቶሎጂ ሐኪም ነበር። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አይሁድ ምሁራን ከሥራ ተባረሩ፤ እሱም ወደ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ሸሸ። እዚያ ደርሶ «ማን ያድነኛል?» ብሎ አልተቀመጠም። የተባረሩትን መምህራን ስም፣ ሙያና ያሉበትን ቦታ መመዝገብ ጀመረ። በዚያው ዓመት ቱርክ የኢስታንቡልን ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ እያዋቀረች መምህር ትፈልግ ነበር። ሽዋርትዝ ዝርዝሩን ይዞ አንካራ ሄደ፤ ተደራደረ፤ 30 ገደማ ፕሮፌሰሮች የሚቀጠሩበት ስምምነት ይዞ ተመለሰ። የቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለ እነዚያ ስደተኞች አይነገርም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ትስስር የሚጀምረው ከቪዛ አይደለም፤ ማን እንዳለን ከማወቅ ነው። ዛሬ አንድ ዩኒቨርሲቲ «በገዳሪፍ ካምፖች ስንት መምህር፣ ስንት ነርስ፣ ስንት የእርሻ ባለሙያ አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን መልሱን እኛ ራሳችን አናውቀውም። ጎረቤት ድንኳን ያለው ሰው ኬሚስትሪ ያስተምር እንደነበር የምናውቀው በአጋጣሚ ቡና ስንጠጣ ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በካምፕ ውስጥ ዝርዝር የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል፤ ሰው በዝርዝር ምክንያት ችግር ደርሶበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢሠራ ብሔር፣ ፖለቲካና የቀድሞ ታሪክ አይጠየቅበትም። ሙያ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ያስተማረው ኮርስ፣ በቃ። በፈቃዱ የገባ ሰው ብቻ ይግባ፤ መውጣት ሲፈልግም ይውጣ። የሚይዘውም ሰዎች ያመኑት ይሁን።

ጎረቤታችንም ተሰዷል

ስለ ትስስር ስናወራ ሁሌ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ማየት ልማድ ሆኖብናል። አጠገባችን ያሉትን እንርሳቸው? ከ2023 ወዲህ የካርቱም መምህራንና ተማሪዎች ራሳቸው ተፈናቅለው ገዳሪፍ ከተማ ገብተዋል። ሌሎቹ በቃላባት አልፈው መተማ፣ ከዚያም ምዕራብ ጎንደር ወደ ኩመርና አውላላ ካምፖች ገቡ። አንዱ ድንበር ላይ እኛ ወደዚህ፣ እነሱ ወደዚያ ተላለፍን። አንድ የሱዳን ሌክቸረር ዛሬ የሚያሳስበው ነገር ከእኛ ወጣት የተለየ አይደለም።

በዋድ መደኒ የሱዳን ብሔራዊ የዘር ባንክ ነበረ። በ2023 ታኅሣሥ ከተማዋ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ ባንኩ ተጎዳ፤ ተዘረፈ። ግን የሱዳን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ግንኙነታቸውን አላቋረጡም። በ2025 የካቲት ማሽላን ጨምሮ ከሱዳን የወጣ ዘር በኖርዌይ ስቫልባርድ በበረዶ ውስጥ ወዳለው የዓለም የዘር ማከማቻ ገባ። አገር ሲታመስ ዘሩን ያዳነው በሰላሙ ጊዜ የተሠራ ትስስር ነው። ዕውቀትም እንደ ዘር ነው፤ ካልተዘራ፣ ካልተቀመጠም ይነቅዛል።

ስለዚህ ገዳሪፍ ከተማ የመውጣት ዕድል ያገኘ ሰው የሱዳን ባልደረባውን ይፈልግ። ዓረብኛው ይከብድ ይሆናል፤ ሙያው ግን አንድ ቋንቋ ነው። አብሮ አንድ ትንሽ ጥናት መሥራት፣ ለተፈናቀሉ ልጆች አብሮ ማስተማር፣ ይህ ሁሉ በኋላ «ከ2023 እስከ 2025 ምን ሠራህ?» ሲባል መልስ ይሆናል።

ዛሬ ከድንኳን ሆኖ የሚቻለው

ትልልቁ ነገር በእጃችን አይደለም። ትንንሹ ግን አለ፤ እንዘርዝረው።

አንደኛ፣ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ዛሬ ፎቶ አንሡና ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ቴምፖራሪም ቢሆን፣ የቅጥር ደብዳቤም ቢሆን፣ የድሮ መታወቂያም ቢሆን። ስልክ ይሰበራል፤ ድንኳን ይቃጠላል፤ ኢሜይል ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ስማችሁን በፈረንጅ ፊደል እንዴት እንደምትጽፉ አንድ ጊዜ ወስኑና አትቀይሩ። የምዝገባ ወረቀታችሁ ላይ ስም ወይም የልደት ዓመት ከተሳሳተ እንዲታረም ጠይቁ፤ ሳይታረም ከቆየ እየከበደ ይሄዳል። ኦርሲድ የሚባል ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር አለ። ስም ቢለያይም ሥራችሁ በቁጥሩ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰው ፈልጉ። ያስተማራችሁ፣ ወይም አብራችሁ የሠራችሁ። አጭር መልእክት ጻፉላቸው፦ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ወደፊት ምስክርነት ልጠይቅዎ ብላችሁ። ገንዘብ አትጠይቁ። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ሰላም በሉ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ፕሮጀክት ከነበረው፣ በዚያ በኩል ያሉትም ሰዎች ያስታውሷችኋል።

አራተኛ፣ ካምፕ ውስጥ አስተምሩ። በሳምንት አንድ ቀን ለአሥር ልጅ ሒሳብ ማስረዳትም ማስተማር ነው። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ የትምህርት ቤቱን ወይም የኮሚቴውን ማረጋገጫ ያዙ። ክፍተቱ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገው ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ለስኮላርሺፕ ወይም ለሪሴትልመንት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነፃ ነው። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ሲመጣ ሰነዳችሁን እንኳ አታሳዩት።

በመጨረሻ ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ከወር በፊት ሁለተኛ ዲግሪውን ያማከሩት መምህር ያሉበትን አገኘ፤ አውሮፓ ናቸው። ሦስት ቀን ሲያስብ ቆይቶ ጻፈላቸው። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «በሕይወት መኖርህን ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል። የጀመርከው ጽሑፍ ረቂቅ እኔ ጋ አለ።» ቪዛ አልላኩለትም፤ ሥራም አልሰጡትም። ግን ረቂቁን ላኩለት። አሁን ማታ ማታ፣ ስልኩ ቻርጅ ሲኖረው፣ ያንን ያነባል። ጠዋት እንደተለመደው ትራክተሩ ላይ ይወጣል።

የሚደርስበትን አላውቅም። ድልድዩ ግን አንድ ጣውላ ተጨምሮበታል። እናንተም ሙያ ኖሯችሁ ዝም ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ጻፉ። ቸር ይግጠመን።